አባቴ ያቀዱት የአልፕስ ሳምንት

ስኪ የሚባለው የበረዶ ላይ መንሸራተት ወደ ቤታችን የገባው በልጄ በኩል ነው። ትምህርት ቤቷ በዊንተር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎችን በአውቶቡስ ወደ ተራራ ይወስዳል። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ተመዘገበች፤ በሁለተኛው ዓመት ትልልቆቹ በሚወርዱበት ቁልቁለት አብራ መውረድ ጀመረች። እኔና እናቷ ስኪ እግራችን ላይ አድርገን አናውቅም። የኛ ድርሻ ጎሕ ሲቀድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማድረስ፣ ማታ መቀበልና እርጥብ ጓንት ማድረቅ ነበር።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሬንተን የምትባል ከተማ ነው። እኔ ቤልቪው ውስጥ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። አባቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እናቴ ስታርፍ አሰላ ብቻቸውን ከሚቀመጡ ብዬ አመጣኋቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን ንግግራቸው አጠረ። ጠዋት ኮትና ከረባታቸውን አድርገው ሰፈሩን ይዞራሉ፤ ሲመለሱ የአየሩን ሁኔታ ይነግሩናል፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ምን እንደሚያስቡ አልጠይቃቸውም ነበር። ልጅ ሆኜም ጠይቄያቸው አላውቅም።

አንድ የመስከረም ቀን እራት ላይ ልጄ ወሬ ይዛ መጣች። የጓደኛዋ ቤተሰብ በየካቲቱ የትምህርት ዕረፍት አልፕስ ሄደው ስኪ ሊያደርጉ ነው። እኛስ ለምን አንሄድም አለች።

ባለቤቴ ሳቀች። "እዚሁ አንድ ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበት በረዶ እያለልሽ?"

አባቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "የትኛው አልፕስ?" አሉ።

ሦስታችንም ዞር ብለን አየናቸው። ልጄ አልፕስ እዚያና እዚህ ተብሎ እንደሚከፈል አታውቅም ነበር። እሳቸው ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ከነበረ ፖስታ ጀርባ ላይ ቀስት የመሰለ መስመር አሰመሩ። ከሜዲትራንያን ባሕር ዳር ጀምረው ወደ ሰሜን አወጡት፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ አጠፉትና ቪየና አጠገብ አቆሙት። ምዕራቡን፣ መካከለኛውንና ምሥራቁን ለዩ። ራይን ከዚህ ይነሣል፣ ሮን ከዚህ፣ ፖ ከዚህ እያሉ ወንዞቹን ሳሉ። ማስታወሻ አላዩም፤ አላመነቱምም። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ያን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"አባባ፣ አይተኸው ታውቃለህ?" አለቻቸው። የልጄ አማርኛ አንቱታ የለውም፤ እሳቸውም አርመዋት አያውቁም።

"አላየሁትም። አስተምሬዋለሁ እንጂ።"

ካስተማሯቸው አንዱ እኔ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ትልቅ የጨርቅ ካርታ ይዘው ይመጡና ሰሌዳው ላይ በምስማር ይሰቅሉት ነበር። እኔን ከሌላው ተማሪ ለይተው አያዩኝም፤ ሲጠሩኝም "አንተ፣ ሦስተኛው ረድፍ" ነበር የሚሉት። በዓመቱ መጨረሻ ከመቶ አርባ ዘጠኝ ሰጡኝ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ሂሳብም ወድቄ ስለነበር ያቺ አንድ ማርክ ክፍል አስደገመችኝ። ጓደኞቼ ዘጠነኛ ሲገቡ እኔ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ካርታ ፊት ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ጉዳይ ከአባቴ ጋር ተነጋግረን አናውቅም። በዚያች ማታም አላነሣሁትም። ፖስታውን ከሰሃኖቹ ጋር ላነሣው ስል ልጄ ከእጄ ወሰደችው።

ነገሩ በማግስቱ የሚረሳ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ አባቴ ልጄን ቤተ መጻሕፍት ውሰጂኝ አሏት። ሁለት ትልልቅ አትላስ ተሸክመው ተመለሱ። ባለካሬ ደብተር ገዙና በማስመሪያ ዓምድ ሠሩ፤ በየዓምዱ አናት ከፍታ፣ የሸለቆው አቅጣጫ፣ መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ጸጥታ ብለው ጻፉ። ባለቤቴ ደብተሩን ያየች ዕለት "እንሂድ" አለችኝ።

"የት?"

"አልፕስ ነዋ። ፈቃድ እየወሰድን ጋራዥ ስናጸዳ ስንት ዓመታችን ነው? ደግሞ አባባን አይተሃቸዋል? ትናንት ሁለት ጊዜ ሳቁ።"

እኔ አልቆጠርኩም ነበር።

የኔ የማቀድ ዘዴ ከሥራ ቦታዬ የመጣ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው ያመሰገናቸውን ሰባት የስኪ ቦታዎች መርጬ በሰንጠረዥ አቀረብኩላቸው። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ሁሉንም ጣሏቸው።

"ይኼ ከተማ ነው" አሉ። "ተራራ ሥር የተቀመጠ ከተማ። ሆቴሉ ተራራውን ጋርዶታል።"

"አባዬ፣ ለልጅቷ ትልልቆቹ ይሻላሉ። መውረጃቸው ብዙ ነው።"

"እኔ መንደር ነው የምፈልገው። ሰው ላም የሚያረባበት፣ ማታ ድምፅ የሌለበት።"

ፍለጋው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ያገኙት ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለ መንደር ነው። ከሸለቆው በላይ፣ በተራራው ወገብ ላይ ወጣ ባለች ሜዳ ላይ ተቀምጧል። መኪና አይገባበትም፤ ሰውም ዕቃም ከታች የሚወጣው በሽቦ ገመድ ላይ በሚሄድ ኬብል ካር ነው። ስኪ የሚያደርጉትን ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት አምስት ብቻ ነው። ልጄ ካርታውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። "ኢት ኢዝ ሶ ስሞል" አለች፣ በጣም አነሰ ለማለት።

"ስንት መንገድ ያስፈልግሻል?" አሏት። "ሰው በአንድ ጊዜ የሚወርደው በአንድ መንገድ ነው።"

ትንሽ አሰበችና "ኦኬ" አለች። እኔ ብሆን ያን መልስ የምትቀበለኝ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ እራት ተበልቶ ሲያልቅ አብረው ደብተሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። እሷ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እሳቸው በአማርኛ ይመልሳሉ። አንድ ቀን ስለ በረዶ ስታነሣ አቋረጧት። "በረዶ ከዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጠር ነው። አሰላ ጣራችንን ሲደበድበው የሚያድረው እሱ ነው። አንቺ የምትንሸራተቺበት አመዳይ ነው የሚባለው።" ልጄ ከዚያ ወዲያ አመዳይ ማለት ጀመረች። እኔ ራሴ ቃሉን ከመጽሐፍ ውጭ ተጠቅሜበት አላውቅም።

ማረፊያ እንዲሆን የመረጡት ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ቤት ነው፤ የምታስተዳድረው ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትዮ ናት። እኔ በኢንተርኔት ክፍል ለመያዝ ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አባቴ ግን "ሳንተዋወቅ?" አሉና ደብዳቤ ማስጻፍ ፈለጉ። እሳቸው ቆመው በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። "ክብርት እመቤት" ብለው ጀመሩ። የክፍሉ መስኮት ወደየት እንደሚያይ፣ በየካቲት ፀሐይ በስንት ሰዓት ከመንደሩ እንደምትሰወር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከቤቱ ይሰማ እንደሆነ ጠየቁ። የመጨረሻው ስለ ጾም ነበር። የልጄ ዕረፍት የሚጀምርበት ሰኞ ሁዳዴ የሚገባበት ሰኞ ሆኖ ተገኝቷል።

ባለቤቴ ፕሮቴስታንት ናት። ለመርዳት ብላ "አባባ፣ መንገደኛ ይፈታለታል ይባል የለም እንዴ?" አለቻቸው።

"ለሽርሽር የሚሄድ ሰው መንገደኛ አይባልም፣ ልጄ።"

ስለዚህ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል የማይነካ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል የማይቀምስ እንግዳ ይስተናገድ እንደሆነ ጻፍን። ዘጠኝ ሰዓቱን እኔ በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ብዬ አስተካከልኩት።

መልሱ በአምስተኛው ቀን በኢሜይል መጣ፤ ረጅም ነው። መስኮቱ ወደ ደቡብ ያያል። ፀሐይዋ በዚያ ወር እንዲያውም በዘጠኝ ሰዓት ግድም ከተራራው ጀርባ ትገባለች። ደወሉ ይሰማል፤ የሚማረርበት እንግዳም አለ። ስለ ጾሙ፣ አያቷ እሷ ልጅ ሳለች እንዲሁ ይጾሙ እንደነበር፣ ድንችና የደረቀ ፖም ሲበሉ ትዝ እንደሚላት፣ እንደምንም እንደምታደርገው ጽፋለች። አባቴ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ፤ ሦስተኛውን ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ተጻጻፉ። ስለ ክፍል የሚባለው ነገር ካለቀ በኋላም ቀጠሉ፤ እሷ ስለ ላሞቹ፣ እሳቸው ስለ አርሲ ገብስ። እኔ በመሃል ፖስተኛ ሆንኩ። አንድ ጊዜ እሷ ባሏ ከሞተ ስንት ዓመት እንደሆነ ጻፈችላቸው። አባቴ ለዚያኛው ደብዳቤ መልሱን እኔን አላስጻፉኝም። ልጄን አስጻፏት።

እኛ ሦስታችን የአሜሪካ ፓስፖርት አለን፤ ለአባቴ ቪዛ ማስመታት ነበረብን። ለቀጠሮው ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ። ማመልከቻ የምትቀበለው ወጣት ወረቀቱን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ፈገግ አለች። በሰባ አራት ዓመትዎ ስኪ ሊያደርጉ ነው ወይ አለቻቸው።

"ኖ" አሉ አባቴ፣ በዚያው በክፍል ድምፃቸው። "አይ ቶት ኢት። አይ አም ጎዪንግ ቱ ቼክ።" ያስተማሩትን ሊያረጋግጡ እንደሚሄዱ መንገራቸው ነው። ወጣቷ ሳቀች። እሳቸው ግን አልቀለዱም ነበር። ቪዛው ከሦስት ሳምንት በኋላ በፖስታ መጣ።

በታኅሣሥ አንድ እሑድ የታጠበ ልብስ ይዤ ከምድር ቤት ስወጣ ሁለቱ ሳሎን ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ልጄ፣ ዳዲ ጎበዝ ተማሪ ነበር ወይ ብላ ትጠይቃቸዋለች።

"ጎበዝ ነበር" አሏት አባቴ። "ካርታ በማንበብማ ከክፍሉ አንደኛ ነበር።"

ልብሱን እንደታቀፍኩ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ረስተውት ነው ወይስ ዋሽተው ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም፤ ሲረሱም አይቼ አላውቅም። ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ልብሱን አጣጠፍኩ።

በጥር መጨረሻ፣ ልንሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረን፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተራራ የሚወጣ አንድ አስተማሪ ስልክ ደወለልኝ። ልጄ በጣም ቀላል የሆነ ቁልቁለት ላይ ቆማ ጓደኞቿን ስትጠብቅ ከላይ የመጣ ሌላ ልጅ መቆም አቅቶት መቷታል። ሆስፒታል ስደርስ ባለቤቴ ቀድማኝ ደርሳ ነበር፤ የነርስ ፊቷን አድርጋ ከሐኪሙ ጋር ኤክስሬዩን ታያለች። የቀኝ እግሯ ቅልጥም ተሰብሯል። ጄሶው ቢያንስ ሁለት ወር ይቆያል። ልጄ አላለቀሰችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ "ለአባባ ነግራችሁታል?"

ቤት ስንመለስ አባቴ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሆስፒታል ሊመጡ ተነሥተው የሚያመጣቸው አጥተዋል። እግሯን አዩ፤ ግንባሯን ሳሙ።

"እንግዲህ ይቅራ" አሉ። የቀረው ነገር ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

በማግስቱ ለሴትዮዋ መቅረታችንን የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ልጄ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አትጻፍ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ በአማርኛ "አባባ፣ አንተ ሂድ። እኔ ገና ልጅ ነኝ" አለቻቸው።

አባቴ ፊታቸውን ወደ እሷ አላዞሩም። "አንቺ የሌለሽበት ስኪ ለኔ ምን ያደርግልኛል?"

"ስኪ አይደለም። ቼክ ልታደርግ ነው።"

የቪዛውን ወሬ እኔ ነበርኩ የነገርኳት። ነገሩን የጨረሰችው ባለቤቴ ናት። ከወጥ ቤት ወጥታ "ሶ፣ ሁለታችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ፈቃዴን እዚሁ ከሷ ጋር አሳልፈዋለሁ" አለች። እንዲህ ሆኖ ለስኪ የታቀደ ጉዞ ስኪ የማያውቁ ሁለት ሰዎች ሄዱበት። ስለ ራሴ ከተጠየቅኩ፣ ደስ አላለኝም። ከአባቴ ጋር አንድ ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ቆይቼ አላውቅም ነበር፤ የሚወራ ነገር ከየት እንደሚመጣ አልታየኝም።

በአውሮፕላኑ ላይ አልተኙም። ዙሪክ ላይ ባቡር ስንሳፈር መተላለፊያው ላይ ቆመው ሐይቁን፣ ኮረብታውን በስም እየጠሩ አሳዩኝ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ተቀመጡ፤ ተራሮቹ ግራና ቀኝ መዝጋት ሲጀምሩ ጭንቅላታቸው መስኮቱ ላይ አረፈ። ትልቁን ሸለቆ ሙሉውን ተኝተው አለፉ። ልቀስቅሳቸው አልቀስቅሳቸው እያልኩ ተውኳቸው። ሲነቁ የደረስንበትን ጣቢያ ስም አነበቡና ተቆጡ።

"ለምን አልቀሰቀስከኝም?"

"ደክሞዎታል ብዬ ነው።"

"ሰባ አራት ዓመት ስጠብቅ ያልደከመኝ!" ኬብል ካሩ ውስጥ እስክንገባ አላናገሩኝም።

መንደሩ ስንደርስ ጉም ውጦት ነበር። ዕቃችንን አንድ ሰው በእጅ በሚጎተት ሸርተቴ ወሰደልን። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ በደብዳቤዋ ከገመትኳት በዕድሜ በጣም ታንሳለች። እሷና አባቴ ተጨባብጠው እጃቸውን ሳይለቁ ረጅም ጊዜ እንዴት ከረሙ ተባባሉ።

ጉሙ ሦስት ቀን አልተነሣም። ከመስኮታችን ማዶ አንድ አጥርና ግማሽ ዛፍ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ሌሎቹ እንግዶች ለማንኛውም ስኪያቸውን ተሸክመው ይወጡ ነበር። አባቴ ከረባታቸውን አስረው ሳሎኑ ውስጥ ይቀመጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሴትዮዋ ለእሳቸው ብቻ ጠረጴዛ ትዘረጋለች፤ ድንች በዘይት፣ ምስር፣ ጎመን፣ የደረቀ ፖም። ሲጸልዩ እሷ ወንበር ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። በሁለተኛው ቀን አንድ ጀርመናዊ እንግዳ ለሱም እንደዚያው እንዲቀርብለት ጠየቀ።

በሦስተኛው ቀን ሁለታችን ብቻ ሳሎኑ ውስጥ ነበርን። አባቴ ጉሙን ያያሉ። የማነበው ነገር አልቆብኝ ነበር።

"አባዬ" አልኳቸው፣ "ለልጅቷ ካርታ በማንበብ አንደኛ ነበር ያሏት ለምንድን ነው?"

አልዞሩም። "ሰምተህ ነበር?"

"ሰምቼ ነበር።"

"ታዲያ አባትሽ ሰነፍ ነበር ልበላት?"

"አርባ ዘጠኝ ነበር የሰጡኝ።"

"አውቃለሁ።"

የጨረሱ መስሎኝ ልነሣ ስል ቀጠሉ። "ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶኝ ነበር። አንድ ማርክ ናት፣ ጨምርለት አለኝ። ሌሎች ሦስት ልጆች አርባ ዘጠኝ አላቸው፣ ለልጄ ጨምሬ ለእነሱ ልከለክል ነው ወይ አልኩት። ለእነሱም ጨምር አለኝ። እንቢ አልኩ። እናትህ ያን ክረምት ሙሉ አላናገረችኝም።"

ሌሎች ሦስት መኖራቸውን አላውቅም ነበር። እናቴ አኩርፋ እንደነበርም አላውቅም ነበር፤ ያን ክረምት ቤታችን ዝም ያለው በኔ ውድቀት አፍረው መስሎኝ ነው ያደግሁት።

"አሁን ቢሆንስ?" አልኳቸው።

"አሁን ቢሆን ለአራታችሁም እጨምር ነበር።"

ቀለለኝ ብል ውሸት ነው። ያሰብኩት ስለ ሦስቱ ልጆች ነው። ከእኔ ጋር ክፍል የደገሙት ሁለት እንደነበሩ ትዝ አለኝ። ሦስተኛው ከዚያ ክረምት በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ይህን ለአባቴ አልነገርኳቸውም፤ ሳያውቁት የሚቀሩ ግን አይመስለኝም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሴትዮዋ በራችንን አንኳኳች። ጉሙ ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል፤ እኛ ከላዩ ነን። ማዶ ያሉት ጫፎች በሙሉ ወጥተዋል። አባቴ በነጠላ ጫማ ሊወጡ ሲሉ ያዝኳቸው። ቦት ጫማቸውን እያሰርኩላቸው እንኳ አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆመው ጫፎቹን ከግራ ወደ ቀኝ በጣታቸው እያመለከቱ ለሴትዮዋ ስማቸውን ይነግሯት ጀመር። አራተኛው ላይ አስቆመቻቸው። አይደለም አለች፣ ያ የዚህኛው ታናሽ ነው። ተከራከሯት። እሷ እዚያ መወለዷን ነገረቻቸው። ካርታቸውን አስመጡኝና የበረንዳው መደገፊያ ላይ ዘርግተው መረመሩ።

"ተሳስቻለሁ" አሉ በእንግሊዝኛ። ለኔ ደግሞ በአማርኛ ደገሙልኝ፦ "ተሳስቻለሁ። አትላሱ ላይ አንድ ላይ ነው የተጻፉት።" ሲደሰቱ እንጂ ሲከፋቸው አላየሁም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እኔን አዘዙኝ። "እዚህ ድረስ መጥተህ ቁጭ ብለህ ልትመለስ ነው?" ስኪ ተከራይቼ ጀማሪዎች የሚማሩበት ሜዳ ላይ ወጣሁ። የክፍል ጓደኞቼ አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ሰባት ሕፃናት ነበሩ። አስተማሪው እግሬን እንደ ሽብልቅ ከፊት እንድገጥም ነገረኝ፤ ገጠምኩ፤ ግን አልቆምኩም። አንዲት ሕፃን አልፌ አጥሩ ላይ ተጋደምኩ። ስነሣ አባቴ ከአጥሩ ወዲያ በሴትዮዋ ስልክ ቪዲዮ ሊያነሡኝ ይሞክራሉ፤ ከሳቃቸው ብዛት እጃቸው አልረጋ ብሎ የተቀረጸው ሰማይ ብቻ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። በስድስተኛው ቀን ሳልወድቅ እስከ ታች ወረድኩ። ዝግ ብዬ ነው፤ ሕፃናቱ ሁለቴ ተመላልሰውብኛል።

ስንመለስ ልጄና ባለቤቴ አየር ማረፊያ መጥተው ነበር። ልጄ በክራንች ቆማ አቀፈችን። መኪና ውስጥ ስለ ጉዞው ብዙ አልጠየቀችም፤ ደክሟት ነው አልኩ። በየዕለቱ የላክሁላትን ፎቶና ቪዲዮ ግን አንዱንም ሳትከፍት መቆየቷን በማግስቱ ከእናቷ ሰማሁ። ሂዱ ያለችው ከልቧ ነበር፤ መሄዳችንም ከልቧ አሳዝኗታል። እኔ ይህን ሳልረዳ በመጣንበት ዕለት እራት ላይ ስለ ኬብል ካሩ ማውራት ስጀምር አባቴ በዓይናቸው አስቆሙኝ።

እሳቸው ስለ ተራራ ቃል አልተነፈሱም። ጠዋት ሰፈሩን ዞሩ፤ የአየሩን ሁኔታ ነገሩን። ከሰዓት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ይቀበሏታል፤ ለእግሯ ትራስ ያስተካክሉላታል፤ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ እሳቸው ጋዜጣ ያነባሉ። እንዲህ ሰባት ቀን አለፈ። በስምንተኛው እርሳሷን አስቀመጠችና ቀና አለች።

"ኦኬ አባባ፣ ንገረኝ" አለቻቸው።

ጋዜጣውን አጥፈው ወንበራቸውን ወደ ሶፋው ሳቡ። "ከምኑ ልጀምርልሽ?"

"ከምግቡ።"

"ድንች ነበር" አሏትና ከድንቹ ጀመሩ።